የጀልባን ሆድ ከመብሳት በፊት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ታክሲ ኢንሹራንስና ስለ ልጆቻችን ቋንቋ ነው። ዛሬ ግን ወደ ውሃው ልውሰዳችሁ። እኛ የደጋ ሰዎች ብንሆንም ሲያትል የገባ ሰው ከውሃ ሊሸሽ አይችልም። በምሥራቅ የዋሽንግተን ሐይቅ፣ በምዕራብ ፒዩጀት ሳውንድ ከበውናል። ሁለቱን የሚያገናኘው የባላርድ የውሃ በርም ከ1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀልባ ሲያሳልፍ ይኖራል።

ሁለት ወዳጆቼ እቁብ ደርሷቸው አንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ገዙ። እኔ ገንዘብ ባላዋጣም ምክር አዋጥቻለሁ፤ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል። ጀልባዋ የጥልቀት መለኪያ አልነበራትም። በሆዷ በኩል ተበስቶ የሚገባ ትራንስዱሰር ስንፈልግ የፕላስቲኩን በርካሽ አገኘነው። «ይኼው ይበቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። በስተን አስገባነው፤ እንዳያፈስ ብለንም ዳዶውን በመፍቻ ጥርቅም አድርገን አሰርነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ሌሊት፣ ከማሪናው ስልክ ተደወለ። «ጀልባችሁ ዝቅ ብላለች» አሉን። ስንደርስ ውሃው ከውስጥ እስከ ጉልበት ደርሶ ባትሪውን አስጥሞታል፤ ፓምፑም ቆሟል። በማግሥቱ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ልንወጣ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ተረት ብቻ አይደለም።

ያዳነን በወጣትነታቸው ምጽዋ የተማሩ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ጋሼ ቀዳዳውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተ ልጆች፣ እንጨት ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ አታውቁም? ሲያብጥ ፕላስቲኩን ጨምቆ ሰነጠቀው» አሉን። ቀጥለውም በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ሐይቅ ላይ የነበረው ተንሳፋፊ ድልድይ በእድሳት ላይ ሳለ፣ ክፍት በተተዉ ቀዳዳዎች የማዕበልና የዝናብ ውሃ ገብቶበት መስመጡን አስታወሱን። የሲሚንቶውን ድልድይ ያሰጠመ ቀዳዳ ለእኛ እንጨት አይመለስም።

ከእርሳቸው የተማርነውን፣ ጀልባ ላላችሁም ለምታስቡም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዕቃውን ዕወቁት። ትራንስዱሰር የኤሌክትሪክን ምት ወደ ድምፅ ለውጦ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ከወለሉ ነጥሮ ሲመለስም መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ከተመለሰ ጥልቀቱ 75 ሜትር ነው ማለት ነው። 200 ኪሎኸርዝ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዝርዝሩን አጥርቶ ያሳያል፤ 50 ኪሎኸርዝ ደግሞ ወደ ጥልቁ ይዘልቃል። የዋሽንግተን ሐይቅ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 65 ሜትር ያህል ስለሆነ 200ው ይበቃዋል። ፒዩጀት ሳውንድ ግን ከ200 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለውና ሁለቱንም የሚሠራ መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከጀልባው ጋር አጋቡ። ለእንጨት ነሐስ ነው፤ ለፋይበርግላስ ነሐስም ፕላስቲክም ይሆናል። ለአሉሚኒየም ጀልባ ግን ነሐስ በፍጹም አይገባም፤ ሁለቱ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ወለሉ ወፍራምና ድፍን ፋይበርግላስ ለሆነ ጀልባ ደግሞ ሳይበሱ ከውስጥ የሚጣበቅ ዓይነት አለ። መብሳት ግዴታ ካልሆነ አትብሱ።

ሦስተኛ፣ ቦታውን ምረጡ። የአየር አረፋ የድምፅ ጠላት ነው። ስለዚህ ከፕሮፔለሩ፣ ከውሃ መሳቢያውና ከማፍሰሻው ጀርባ አታድርጉት። እንደኛዋ ዝግ ብላ ለምትሄድ ጀልባ፣ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ የውሃ መስመሩ ርዝመት አንድ ሦስተኛ ግድም ላይ መልካም ነው። ጀልባዋን ከውሃ የሚያነሣው መቀነት የሚያርፍበት ቦታም አይሁን። የጀልባዋ ሆድ ዘቅዘቅ ያለ ከሆነ፣ ድምፁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲሄድ ውስጡ በ12 ወይም በ20 ዲግሪ ያዘነበለውን ትራንስዱሰር ግዙ፤ አለበለዚያ በዝንባሌው ልክ የተቆረጠ ማስተካከያ ከሥሩ አስገቡ።

አራተኛ፣ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ሳለ በመጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱና ቦታው ትክክል መሆኑን ከውስጥም ከውጭም አረጋግጡ። ትልቁን ቀዳዳ ከዚያ በኋላ አውጡ። ዙሪያውን አሸዋ ወረቀት አስነክታችሁ አጽዱት፤ ጥሬው እንጨት ውሃ እንዳይጠጣም ቀቡት። ወለሉ በሁለት ፋይበርግላስ መካከል ሌላ ነገር ያለበት ከሆነም ያ መካከለኛው በኤፖክሲ ይታተም፤ ካልሆነ ውሃ ገብቶ ያበሰብሰዋል። ለጀልባ የተሠራ ማሸጊያ በደንብ ቀቡና ዳዶውን እሰሩ። የሚያሽገው ማሸጊያው እንጂ ጉልበት አይደለም፤ በተለይ ፕላስቲክ ሲሆን በእጅ የጠበቀው ይበቃዋል። ሽቦውንም አትቁረጡት፤ ከሞተሩ ሽቦዎችም አርቁት።

አምስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጀልባዋ ውሃ ከነካች በኋላ ወዲያው ጥላችሁ አትሂዱ። ጥቂት የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ቶሎ አይታይም። ለጥቂት ሰዓታት ተመልከቱ፤ በሚቀጥሉት ቀናትም ተመላለሱ።

እኛም ነሐሱን አስገብተን ባለፈው እሑድ አወረድናት። ጋሼ ቡናው ተፈልቶ እስከ ሦስተኛው ድረስ ከጀልባዋ እንዳንወርድ አዘዙ። ባትሪ መብራት ይዘን በየተራ ቀዳዳውን ስናይ ዋልን፤ ደረቅ ነው። መለኪያውም «18 ሜትር» አለ። ጋሼ ቁጥሩን አይተው ዝም አሉ። ከቆይታ በኋላ ግን፣ «አሁን ልጆቹን አምጧቸው፤ መጀመሪያ ግን የሚንሳፈፈውን ሰደርያ አልብሷቸው» አሉን።

ርካሹን የመከርኩት እኔ ነበርኩና የነሐሱን ዋጋ ከፍያለሁ። እናንተ ግን በእኛ ተማሩ።

እስከሚቀጥለው ድረስ ቸር ይግጠመን።