ቆጥና ሕግ

ድሮ «ቆጥ» ሲባል የሚታየን የዶሮ ማደሪያ ነበር። የአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግን ቃሉን ከዶሮ ተቀብሎ ለሰው አውሎታል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለሚያድሩበት ክፍል ጻፉ ካልኳቸው ተማሪዎች መካከል «እኔ የማጠናው ቆጥ ላይ ነው» ብለው የጀመሩ ጥቂት አልነበሩም። ከታች እናትና አባት፣ እንግዳና ምድጃ፤ ከላይ፣ በአጠናና በጣውላ ርብራብ ላይ፣ ሦስት አራት ልጅ። ቀን ቆርቆሮው ይጠብሳቸዋል፤ ሌሊት ያንቀጠቅጣቸዋል። የከሰሉም ጭስ የሚወጣው ወደ እነሱ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ጣሪያውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቀና ብሎ የማይቀመጠው ለምንድን ነው? ሰነፍ ሆኖ? ኧረ አይደለም! ጣሪያው የራሱ አይደለም።

ነገሩ ሩቅ ይሄዳል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራይ ቀነሰ፤ ተከራይ ተደሰተ። ዳሩ ግን በዚያች ኪራይ ማን ቤት ያድሳል? አከራዩ አያድስም፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ እንዳይነካው ታዟል። ቤተሰብ ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ ይበዛል። በጎን ጎረቤት አለ፤ በፊት መንገድ አለ። የቀረው ወደ ላይ ነው።

«ሕገ ወጥ ግንባታ ነው» ይሉናል። እሺ ይሁን። ግን ልብ በሉ፤ ክልከላው ያስቀረው የቆጡን ቁመት እንጂ ቆጡን አይደለም። ክዳኑ ከተነካ ደንብ አስከባሪ ከች ይላል፤ ከውስጥ የሚሠራውን ማንም አያየውም። ስለዚህ ሰው ባለሙያ ሳይጠራ፣ በበሰበሰ ግድግዳ ላይ አጠና እየሰካ በድብቅ ይሠራል። ፈቃድ ልጠይቅ ያለ እንደሆነም ቤቱን ጨርሶ እንዳይነጠቅ ይሰጋል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለእሱ ተረት ብቻ አይደለም። ባለ ቪላው ጣሪያውን አንሥቶ ከሥሩ ክፍል ሲያወጣ ግን «ዲዛይን» ይባልለታል!

እስቲ እናስላው። ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። የክዳኑ አናት ከግድግዳው ጫፍ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ፣ ከሥሩ ያለው ሰው ይዳሃል። አናቱን 2 ሜትር ብናደርሰው ግን መሐሉ ላይ ሰው ይቆማል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ከመሬት አንድ ስንዝር አልተወሰደም። ክዳኑ ቁልቁለቱ ሲጨምር የክረምቱም ዝናብ ቶሎ ይወርዳል። በአናቱ ጫፍና ጫፍ መስኮት ቢወጣ ጭሱ መውጫ ያገኛል።

«የጭቃ ግድግዳ አይሸከምም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ አይሸከምም። ሸክሙ ከመሬት በተነሣ ምሰሶ ላይ ይረፍ። ወረዳው የዚህን ንድፍ አሠርቶ፣ «በዚህ ልክ ሥሩ፤ ውላችሁ አይነካም» ብሎ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ ምን ይጎዳል?

«ነገ ለሚፈርስ ቤት?» የሚለው መልስ ደግሞ አለ። ይህን «ነገ» ስሰማ ፀጉሬ ሸበተ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አይተናል፤ የሌላውም ሰፈር ተራ ይደርስ ይሆናል። ልጅ ግን ሰፈሩ የሚፈርስበት ተራ እስኪደርስ ብሎ ማደጉን አያቆምም። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ በዚህ ዘመን ውስጥ በቆጥ ላይ ያደገው ልጅ የራሱን ልጆች እዚያው ቆጥ ላይ አስተኝቷል።

ቆጡ እንደሁ ያለ ፈቃድም ተሠርቷል። የቀረው፣ እዚያ የሚያድረው ልጅ ጠዋት ራሱን ሳይመታ የሚነሣበትን አንድ ሜትር ከምናምን መፍቀድ ነው።