ግድብ ሲታሰብ ባላገሩ አስቀድሞ ይጠየቅ

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሚያሠራው ሥራ ከመልካም አሳብ የተነሣ መኾኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አሳቡ መልካም ስለ ኾነ ብቻ ፍሬው ኹሉ ጤና ይኾናል ማለት አይደለም። ለዚህም በትግራይ የተሠሩት የመስኖ ግድቦች ምስክሮች ናቸው።

ድርቅ በተመላለሰበት በዚያ አገር ትንንሽ ግድቦች መገደባቸው የተገባ ነበር፤ ዝናም በማይታመንበት ስፍራ ውሃ አጠራቅሞ ማሳ ማጠጣት ራብን መከላከያ ነውና ይህን የሚነቅፍ አይገኝም። ዳሩ ግን በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የኾነ 7 ሺህ ያህል ሕፃናትን ተከታትሎ፥ በግድብ አጠገብ ከሚኖሩት 1 ሺህ ሕፃናት በየወሩ በአማካይ 14 በወባ ሲያዙ፥ በተመሳሳይ ከፍታ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ግን 2 እንኳ እንዳልሞሉ ገለጸ። እህል ሊያበላ የመጣው ውሃ ንዳድን ይዞ ገባ።

ይህ አስቀድሞ ሊታወቅ አይቻልም ነበርን? መሐንዲስ የአፈሩን ጽናትና የውሃውን ልክ ያውቃል፤ ሐኪምም የትንኟን ጠባይ ያውቃል። ነገር ግን ከግድቡ በታች ውሃ የሚመነጭበትን ስፍራ፥ የከብት ኰቴ ረግጦት ውሃ የሚያቍረውን መስክ፥ እረኞች የሚያመሹበትን ዳርቻ፥ አዝመራ ጠባቂ ደጅ የሚያድርበትን ወራት ለይቶ የሚያውቅ የዚያው ቀበሌ ሰው ነው። ትንኟ ሰው ገና ሳይተኛ በምሽት ስትነክስ አጎበር ብቻውን እንዳይበቃ ከእርሱ ኑሮ ይታወቃል። የሚቀብሩት ካህናትም በየትኛው ጎጥ፥ በየትኛው ወር የሕፃናት ቀብር እንደ በዛ ከመዝገብ አስቀድመው ያያሉ፤ እነርሱን የሚጠይቅ ባለሥልጣን ግን እምብዛም አይታይም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299 የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጥ፥ በተለይም ሥራው የሚነካቸው ሰዎች አሳብ በግምገማው እንዲገባ ደንግጓል፤ ግምገማውም ለመንግሥት ፖሊሲና ፕሮግራም ጭምር እንዲደረግ አዝዟል። ድንጋጌው መልካም ነው። የሚያሳዝነው ባላገር ለስብሰባ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ነገሩ ከተቈረጠ በኋላ መኾኑ ነው። ፕላኑ ተነድፎ፥ ገንዘቡ ተመድቦ፥ ሥራ ተቋራጩ ከመጣ በኋላ «አሳባችሁ ምንድር ነው?» ማለት፥ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎችን ስለ ጋብቻው እንደ መጠየቅ ያለ ነው።

አንዳንድ ሹማምንት፥ ያልተማረ ሰው ስለ በሽታ ምን ያውቃል፥ መጠየቁስ ሥራ ከማዘግየት በቀር ምን ይጠቅማል ይላሉ። ለሥራ መቸኰላቸው ከቅን ልብ ሊኾን ይችላል። ኾኖም በዚያው በትግራይ በአንድ የግድብ መንደር ትንኝ የምትፈለፈልበት ረግረግ በአፈር ቢሞላ፥ የቆመውም ውሃ ቢፋሰስ፥ ወባ አስተላላፊዪቱ ትንኝ በግማሽ ያህል መቀነሷን በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመ ጥናት አስረድቷል። ያን ስፍራ ግድቡ ሳይገደብ ከነዋሪው ጠይቆ በፕላኑ ማፋሰሻ ቦይ ማስገባት ከዚህ የቀለለ በኾነ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ፕላኑ ሳይፈረም ይቅረብ። ለሊቀ መንበሩም ብቻ አይቅረብ፤ ውሃ የሚቀዱትና የታመመ የሚያስታምሙት ሴቶች ይሰሙ። የተናገሩት ኹሉ ይጻፍ፤ ከአሳባቸው ምኑ እንደ ተወሰደ፥ ምኑም እንደ ተተወ ከነምክንያቱ ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚያው መንደር ይነበብላቸው።