ቲማቲም በመንዝ ጓሮ

የመንዝን ገበሬ «ቲማቲም ለምን አትተክልም?» ብሎ መውቀስ ፍርድ አይመስለንም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ትላለች። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲወርድ የቲማቲም አበባ ብናኝ ይደክማል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። የመንዝ ሌሊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይቀዘቅዛል። ቃሪያማ ይብስበታል። ክረምቱን ቢያልፉ እንኳ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ያጠቁራቸዋል። ስለዚህ ለመርሐቤቴ ቆላ የሚስማማውን ችግኝ ለመንዝና ለግሼ ደጋ ማደል ዘርንም ጉልበትንም ማባከን ነው እንላለን። ለደጋው ጓሮ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ይበጃሉ። ቲማቲም የግድ ከሆነ፣ ቀን የሞቀ ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳልና (ድንጋይ እንደሆነ በመንዝ አይጠፋም) ፀሐይ በሚያገኝ የካብ ጥግ ተተክሎ ማታ ማታ በላስቲክ ይሸፈን። ረፋዱ ላይ ላስቲኩ ይገለጥ፤ አለዚያ የታፈነው እርጥበት ሻጋታ ያመጣል።