ክራርን በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ልጆች

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው 4ኛ ክፍል ሲገባ ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ አንድ ጥያቄ ይመጣላቸዋል። ልጁ የሙዚቃ መሣሪያ መማር ይፈልጋል ወይ? ከፈለገስ ቫዮሊን፣ ቼሎ ወይስ የትንፋሽ መሣሪያ? ቫዮሊን ካለ ከሱቅ በወር ኪራይ ይወሰዳል፤ ክንዱ ተለክቶ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ የሚባለው ልክ ይሰጠዋል። ቀጥለው የሚመጡት ወራት ለቤተሰቡ ቀላል አይደሉም። ጅራቷን የተረገጠች ድመት የምትጮህ እስኪመስል ሳሎኑ ይረበሻል። ቢሆንም ልጁ በመደበኛ የትምህርት ሰዓት፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር፣ ለዚሁ በተመደበ መምህር ይማራል።

አዲስ አበባ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት የምትማረው የአክስቱ ልጅም የሙዚቃ ትምህርት አላት። ቀልድ አይደለም፣ በእርግጥ አላት። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ክዋኔና ዕይታ ጥበባት» የሚባል የትምህርት ዓይነት አለ፤ ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ውዝዋዜና ሥዕል በአንድ ላይ የታጨቁበት ነው። ልጅቷ ክራርን በሥዕል ታያለች። ማሲንቆንም እንዲሁ። ፈተና ሲደርስ «ክራር ስንት ክር አለው?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፣ ስድስት የሚለውን ታከባለች፣ ታርማ ነጥቧን ታገኛለች። አምስት ክር ያለው ክራርም አለ። ይህን ለማወቅ ግን ቢያንስ አንድ ክራር በእጅ ይዞ መቁጠር ይፈልጋል።

ነገሩ ሲታይ ዋና ለማስተማር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወንዝ እንደመሣል ነው።

ይህ ሲነሳ የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፦ «አገሪቱ ስንት ችግር አለባት፣ አሁን ስለ ክራር ይወራል?» መልሱ ተራ ተቃውሞ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ 267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። አዲስ አበባ ተማሪው ባዶ ሆዱን ክፍል እንዳይቀመጥ ምገባ መጀመር ግድ ብሏታል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፍ ሳይታተም ቀርቶ ልጆች ከወላጅ ስልክ ላይ በፒዲኤፍ ያነበቡበትን ጊዜ ማንም አልረሳውም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለ ክር መሣሪያ ማውራት ቅንጦት ቢመስል አይገርምም።

ነገር ግን ጥያቄው ሙዚቃ በትምህርት ቤት ይኑር አይኑር ቢሆን ኖሮ ነበር ይህ መልስ የሚሠራው። እሱ ተወስኗል። ክፍለ ጊዜው ተመድቧል፣ መጽሐፉ ተጽፏል፣ ፈተናው ይወጣል፣ ለመምህሩም ደመወዝ ይከፈላል። ገንዘቡም ሰዓቱም እየወጣ ነው። የቀረው ልጁ መሣሪያውን መንካቱ ነው። አንድ ነገር ለማስተማር ወጪው ሁሉ ወጥቶ ነገሩ ራሱ ብቻ ሲቀር፣ ቅንጦት የሚባለው የቱ እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሙዚቃ ወዳጆችም አንድ ልማድ ቢተዉ ይሻላል። ባለሥልጣን ለማሳመን ሲሉ «ሙዚቃ የተማረ ልጅ ሒሳብ ይጎብዛል» ይላሉ። የዓለም ዝነኛው ምሳሌ የቬኔዝዌላው ኤል ሲስቴማ ነው። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 ካራካስ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በ11 ልጆች የጀመረው፣ ኋላ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ያቀፈና እነ ጉስታቮ ዱዳሜልን ያፈራ የኦርኬስትራ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን በዕጣ ለይቶ ውጤቱን መዘነ። ከአንድ ዓመት በኋላ የታየው ለውጥ ራስን በመቆጣጠርና በጠባይ ላይ ነበር፤ እሱም መጠነኛ። በአእምሮ ችሎታ ረገድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። የባሰው ደግሞ፣ ለድሃ ልጆች ተብሎ በተቋቋመው ፕሮግራም ለመመዝገብ የመጡት ልጆች ከአካባቢያቸው ሕዝብ ይልቅ ኑሯቸው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። ክራር የፊዚክስ ማጠናከሪያ አይደለም፤ ልጅ ክራር የሚማረው ክራር ለመጫወት ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፦ በሩ ለሁሉም ካልተከፈተ የሚገባው ቀድሞም ዕድል የነበረው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ዛሬም በዓይን ይታያል። ከፍሎ መማር የሚችል ቤተሰብ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቫዮሊን፣ ፒያኖ ወይም ጊታር ያስተምራል፤ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶችም መምህር ቀጥረዋል። የተቀረው ሕፃን ሙዚቃ ቢያምረው የዘይት ቆርቆሮ ፈልጎ፣ እንጨት ሰክቶ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ወጥሮ የራሱን ክራር ይሠራል። ብዙ ስመ ጥር ክራር ተጫዋቾች ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ ይህንኑ የቆርቆሮ ክራር ነው የሚያነሱት። አድማጭም «እንዴት ደስ ይላል» ብሎ ይስቃል። የሚያስቅ አይደለም። ትምህርት ቤት የሌለው ነገር ስለሆነ ነው ልጁ ከቆሻሻ ላይ የለቀመው።

በመንግሥት በኩል ክራርና ማሲንቆ በወግ የሚሰጥበት ስሙ የታወቀው ቦታ በ1946 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚገባው ግን 12ኛ ክፍል ጨርሶ ነው። ጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ ገና በሦስትና በአራት ዓመታቸው ልጆች ቫዮሊን እንዲይዙ ያደረገበት ምክንያት ቀላል ነበር፤ ልጅ አፉን የሚፈታው እየሰማና እየደገመ ነው፣ ሙዚቃም እንዲሁ። በ18 ዓመቱ ጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክር የሚነካ ወጣት ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን ያለፈውን አሥር ዓመት ማንም አይመልስለትም።

ታዲያ ቫዮሊን ይገዛ? አይደለም። ቫዮሊን ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ዶላር የሚጠይቅ፣ ሲሰበር ጠጋኝ የማይገኝለት፣ ለልጅ ዕድሜ እየተቀያየረ አራት አምስት ልክ የሚፈልግ ዕቃ ነው። ክራር ግን ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበር፣ ቆዳና ክር ነው። ማሲንቆ ከዚያም ያንሳል፤ ቆዳ የለበሰ ሣጥን፣ አንድ እጀታ፣ አንድ ነዶ የፈረስ ጭራና ደጋን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ተማሪዎች ለተግባር ፈተናቸው የሚሠሩትን በርጩማ ትተው ሃያ የልጅ ክራር ቢሠሩ አንድ ትምህርት ቤት ይበቃዋል። መጠኑን ለ9 ዓመት ልጅ እጅ ማሳነስ ለአናጺ ጭንቅ አይደለም።

ከዋጋው በላይ ግን ትምህርቱ ራሱ አለ። ክራር ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ዜማ ከመጫወቱ በፊት መቃኘት አለበት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች በመጽሐፍ ሲሸመደዱ አራት ቃላት ናቸው። በጣት ሲመጡ ግን አንዷን ክር ጥቂት ሲያላሉት ወይም ሲያጠብቁት የክፍሉ ስሜት እንዴት እንደሚለወጥ ልጁ ራሱ ይሰማዋል። ማሲንቆ ደግሞ ይብሳል። ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ጭራው እጀታው ላይ አይጫንም፣ በጣት ጫፍ ይነካል እንጂ። ልጁ ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው ብቻ ነው። ደጋኑ ሙጫ ካልተቀባ ዝም ይላል። እነዚህን ነገሮች የትኛውም የምርጫ ጥያቄ አያስተምራቸውም። (በገናን በዚህ ውስጥ አለመጨመር ይሻላል። አሥሩ አውታር ከጸሎትና ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ የመንግሥት ክፍል ውስጥ ሲገባ ሌላ ክርክር ያስነሳል፤ ደግሞም ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚማሩት ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም።)

ዋናው ማነቆ መሣሪያው አይደለም፣ አስተማሪው ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የጥበባቱን ክፍለ ጊዜ የሚይዘው ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ነው፤ የአማርኛው ወይም የስፖርቱ። በእሱ አይፈረድም፣ ያልተማረውን ከየት ያመጣዋል? በሌላ በኩል ማሲንቆን ከአባቱ የተማረ፣ በሠርግና በአዝማሪ ቤት ሃያ ዓመት የተጫወተ ሰው በየከተማው አለ። ጎንደር አቅራቢያ እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጅ ማሲንቆ የሚይዘው ገና በጨቅላነቱ ነው። ይህ ሰው ግን የትምህርት ቤት በር ላይ ቢመጣ ጥበቃው ሳያልፍ ይመልሰዋል፤ ጥበቃው ቢያሳልፈው የሰው ኃይል ክፍሉ ዲፕሎማ ይጠይቀዋል።

ከወረቀቱ በስተጀርባ ደግሞ ብዙም የማይነገር ነገር አለ፤ ንቀት። «አዝማሪ» የሚለው ቃል በዚህ አገር የሙያ ስም ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ ስድብም ነው። ልጁ ማሲንቆ እንዲማር ሲጠየቅ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» የሚል አባት፣ ያው ልጅ ቫዮሊን ይዞ ቢመጣ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል። ሁለቱም በደጋን የሚመቱ የክር መሣሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ቻርልስ ሳተን የተባለ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከታላቁ ማሲንቆ ተጫዋች ከጌታመሳይ አበበ ሥር ተቀምጦ ተማረ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ መጫወት ደረሰ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ከቡድኑ ጋር አሜሪካ ዞሮ ማሲንቆ አሰማ። ለአዋቂ የውጭ አገር ሰው ጌታመሳይ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ። ያኔም ሆነ ዛሬ ግን የእሳቸው ዓይነት ሰው 4ኛ ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር የሚፈቅድ የቅጥር መመሪያ የለም።

መውጫው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ለአናጺው፣ ለግንበኛውና ለምግብ አብሳዩ በልምድ የያዙትን ሙያ ተፈትነው የሚያረጋግጡበት የብቃት ምዘና ተከፍቷል፤ ሲኦሲ የሚባለው። በዚያው መንገድ የተመዘነ ክራር ወይም ማሲንቆ ተጫዋች በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰዓት ክፍያ፣ ከመደበኛው መምህር ጋር አብሮ ቢገባ ክፍሉን መምህሩ ይይዛል፣ ሙያውን ባለሙያው ያሳያል። መምህሩም ከልጆቹ ጋር ይማራል። ክልሎች ደግሞ ሁሉም ክራር ይያዙ የሚባልበት ምክንያት የለም፤ በደቡብም በምዕራብም የየራሳቸው ስም ያላቸው የክር መሣሪያዎች አሉ፣ የየአካባቢው ልጅ በየአካባቢው ቢጀምር ነው የሚያምረው።

አዝማሪው ክፍል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ልጆቹ «መምህር» ብለው ይጠሩታል። ይህች ትንሽ ቃል ከዘመቻና ከፓናል ውይይት በላይ ንቀቱን ትሸረሽረዋለች።

አንድ ቀሪ ነገር አለ፣ ትንሽ የሚመስል። በዕርዳታ የመጣ ዕቃ በየትምህርት ቤቱ ምን እንደሚሆን የሚታወቅ ነው። ቤተ ሙከራ መሣሪያውም፣ ኳሱም፣ ኮምፒውተሩም ቋሚ ንብረት ተብሎ ይመዘገባል፣ ንብረት ክፍል ይገባል፣ ቁልፉን አንድ ሰው ይይዛል። ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነውና ባይወጣ ይመርጣል። ክራር ደግሞ ክሩ ይበጠሳል፤ በልጅ እጅ ከሆነ በየሳምንቱ ይበጠሳል። ሃያ ክራር ገዝቶ የክር በጀት ያልያዘ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ወር ሃያ እንጨት ነው የሚኖረው። ስለዚህ ክራሩ በቋሚ ንብረት ቢመዘገብም ክሩ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ በየዓመቱ ይገዛ። የማሲንቆውም የፈረስ ጭራ እንዲሁ፤ ለእሱ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት እንደሚሰበሰብ የግዥ ኮሚቴው ካሁኑ ቢያስብበት አይከፋም።