ፈቃዱ ቢታሰር እንኳ ዜጋው ነጻ ነው

ቤንጃሚን ሊቤት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጥቂት ሰዎችን ወንበር ላይ አስቀምጦ የአንጎል ሞገድ የሚለካ ሽቦ ራሳቸው ላይ ለጠፈ። ሰዎቹ የታዘዙት ቀላል ነገር ነበር፤ ባሻቸው ሰዓት የእጃቸውን አንጓ ማጠፍ። ፊት ለፊታቸው በ2.56 ሰከንድ አንድ ዙር የምትጨርስ የብርሃን ነጥብ ትሽከረከራለች። «ልጠፈው» የሚለው ሐሳብ ብልጭ ሲልላቸው ነጥቧ የት እንደነበረች ልብ ብለው ይናገራሉ። ሊቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት እስከ ዛሬ ያነጋግራል። አንጎል መሰናዳት የጀመረው እጅ ከመንቀሳቀሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ሲሆን፣ ሰዎቹ «ፈቀድን» ያሉት ግን 0.2 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። አንጎል ባለቤቱን ቀደመው።

ከዚህ ተነሥተው ሩቅ የሚሄዱ አሉ። ሰው የሚሠራውን የሚወስነው አንጎሉና አስተዳደጉ ከሆነ፣ «መንግሥት በሰው ሕይወት እጁን አያስገባ» የሚሉት ሊበርቴሪያኖች የቆሙበት መሬት ተናደ ይላሉ። የሌለን ምርጫ ማክበር ምን ትርጉም አለው? ይህ ሙግት ስሕተት ነው። የፖለቲካ ነጻነት የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነው። ሆኖም አንድ የሊበርቴሪያኖች ተወዳጅ አባባል በዚሁ ሙግት ክፉኛ ይመታል፤ እሱን መተው ያለባቸው ራሳቸው ናቸው።

በቅድሚያ ለሙከራው ከሚገባው በላይ ክብር አንስጠው። ሊቤት ራሱ በቀረችው ቅጽበት ሰው የተጀመረውን ድርጊት ማገድ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ደግሞ ያ የአንጎል ዝግጅት የተባለው ምልክት ውሳኔ ሳይሆን የአንጎል የዘፈቀደ መዋዠቅ ክምችት ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ግን ይሁን ብለን እንቀበል፤ ሥራችን ሁሉ በምክንያት ሰንሰለት የተያያዘ ነው እንበል። ለገዥ ምን ይጨምርለታል?

ታሪክን ብንጠይቅ ምንም አይጨምርለትም። በ1645 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የፖለቲካ ሁከት ሸሽተው ፓሪስ የገቡ ሁለት ስደተኞች በኒውካስል ማርኲስ ፊት ስለ ፈቃድ ተከራከሩ። ጳጳሱ ጆን ብራምሆል የሰው ፈቃድ ነጻ ነው አለ። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ ሁሉም ነገር አስገዳጅ ምክንያት አለው፤ ወንዝ ወደ ታች ሲፈስ የሚያግደው ከሌለ ነጻ ነው፣ ሰውም እንደዚያው ነው አለ። በፈቃድ ጉዳይ እንዲህ የተራራቁት ሁለቱ ሰዎች በፖለቲካው ግን ሁለቱም የንጉሥ ወገን ነበሩ። የፈቃድን ነጻነት ማመኑ ብራምሆልን የዜጎች ነጻነት ጠበቃ አላደረገውም።

ተቃራኒውም ታይቷል። ፈላስፋው ባሩክ ስፒኖዛ የፈቃድ ነጻነትን ከካዱት ሁሉ ጥብቁ ነበር። የተወረወረ ድንጋይ ማሰብ ቢችል በገዛ ፈቃዴ ነው የምበረው ይል ነበር የሚለው የእሱ ምሳሌ ነው። ይኸው ሰው በ1670 እ.ኤ.አ. ስሙን ደብቆ ባሳተመው መጽሐፍ የመንግሥት ዓላማ ነጻነት ነው ብሎ ተሟገተ፤ የማሰብና የመናገር መብትን ተከላከለ። ጆን ስቱዋርት ሚልም በ1843 እ.ኤ.አ. በጻፈው የሎጂክ መጽሐፉ የሰው ሥራ እንደ ሌላው ተፈጥሮ ሁሉ ምክንያት አለው ብሏል። በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ነጻነት የጻፈው መጽሐፍ ገና ሲከፈት የሚያጠናው የፈቃድን ነጻነት ሳይሆን ማኅበረሰብ በግለሰብ ላይ ያለውን የሥልጣን ወሰን መሆኑን ያስታውቃል።

ታዲያ «ሰው የምክንያት ውጤት ነው» ከሚለው ተነሥቶ ቁጥጥርን የሰበከ የለም? አለ። የሥነ ልቦና ሊቁ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1971 እ.ኤ.አ. ነጻነትና ክብር የሚባሉ አሮጌ እምነቶችን ትተን ባህሪን በሳይንስ እንቅረጽ አለ። ሙግቱ የሚሰናከለው በራሱ እግር ነው። ቀራጩስ ሰው አይደለም? የሚቀረጸው ሰው በልማዱና በጥቅሙ የሚነዳ ከሆነ ቀራጩም በልማዱና በጥቅሙ ይነዳል። ልዩነቱ ቀራጩ ሥልጣን በእጁ መያዙ ብቻ ነው። እንዲያውም ሰው ሁሉ የሁኔታዎች ውጤት ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው፣ ይህን ያህል ሥልጣን ለአንድ ወገን ለመስጠት ከማንም በላይ መፍራት አለበት።

የፖለቲካ ነጻነት መሠረት እዚህ ላይ ይገለጣል፤ የገዥ ዕውቀት ጠባብ ነው፣ ሥልጣኑ ደግሞ ያባልጋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፍሬድሪክ ሃየክ አጥብቆ የተናገረው የመጀመሪያውን ነው። ለኑሮ የሚያስፈልገው ዕውቀት በሚሊዮኖች ተበታትኖ ያለ ነው፤ አንድ ቢሮ ሊሰበስበው አይችልም። ለእኛ ይህ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ገደማ ሐረርጌ ላይ ተጀምሮ አገር አቀፍ ዘመቻ የሆነው የመንደር ምሥረታ፣ ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ በተመረጠለት ቦታ በመስመር እንዲሠራ አደረገ። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማዳረስ ይመቻል ተባለ። ማሳው የት እንደቀረ፣ ከብቱ የት እንደሚውል፣ የጓሮው ጫት ወይም እንሰት ማን እንደሚጠብቀው የሚያውቀው ግን ገበሬው ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ብዙው መንደሩን እየጣለ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ገበሬው የተበደለው የፈቃዱ ነጻነት በፍልስፍና ስላልተረጋገጠ አይደለም። የሚያውቀው ሰው ሳይጠየቅ የማያውቀው ስለ ወሰነ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሁላችንም በምክንያት የምንነዳ ከሆነ፣ በጠመንጃ መገደድና በራስ ሐሳብ መሥራት ምን ይለያቸዋል? ሕግ ይህን ልዩነት ፍልስፍናውን ሳይጠብቅ ከፈታ ቆይቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1696 በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ ፈቃዱን የሰጠ ሰው ውሉ ሊፈርስለት እንደሚችል ይደነግጋል። ዳኛው የሚመረምረው ዛቻ ነበረ ወይ፣ ተታሎ ነበር ወይ የሚለውን ነው። ለምሳሌ ቤቱን የሸጠ ሰው ውሳኔ ከራሱ ሐሳብና ፍላጎት መፍለቁ ይበቃዋል፤ ሐሳቡ ራሱ ከየት መጣ ብሎ እስከ አዳም አይወርድም።

አሁን ሊበርቴሪያኖች ሊተዉት ወደሚገባው አባባል እንምጣ፤ «ሀብቴ የላቤ ዋጋ ነው፣ የደኸየም የስንፍናውን አገኘ» ወደሚለው። የፈቃድ ክርክር የሚነካው ይህንን ነው። ፈላስፋው ጆን ሮልስ በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳለው ማንም ተሰጥኦውን ሠርቶ አላገኘውም፤ የመትጋት ጠባይ እንኳ በመልካም ቤተሰብና አጋጣሚ ይታነጻል። ለዚህ ሙግት በቂ መልስ ያገኘ አላየሁም። የሚገርመው ግን ታላላቆቹ የነጻነት ጸሐፊዎች ያለዚያ አባባል መኖር መቻላቸው ነው። ሃየክ በ1960 እ.ኤ.አ. ነጻ ገበያ የሚከፍለው ሥራው ለሌላው ላለው ጥቅም እንጂ ለባለቤቱ ምግባር አይደለም ብሎ በግልጽ ጻፈ። ሮበርት ኖዚክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ምሳሌም እንዲሁ ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው ዊልት ቻምበርሌን ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ለማየት እያንዳንዱ 25 ሳንቲም ስሙ በተጻፈበት ሣጥን ይጥላል፤ ተጫዋቹ 250,000 ዶላር ይዞ ይወጣል። ቁመቱ ከተፈጥሮ ያገኘው ነው፣ አልሠራበትም። ገንዘቡ የእሱ የሆነው ባለቤቶቹ ወደው ስለ ሰጡት ነው። ኖዚክ ከዚያ በኋላ ስለ ፈቃድ ነጻነት ብዙ ደክሞ በመልሱ እንዳልረካ አልደበቀም፤ የፖለቲካ ሙግቱ ግን ያንን መልስ አልጠበቀም።

ይህን መቀበል ዋጋ ያስከፍላል። ሀብታም ሀብቱ የጽድቁ ማስረጃ ነው ማለት ካልቻለ፣ ግብርን «በሥራዬ ቅጣት» ብሎ መሸሽ አይችልም። ግብሩ ማንን እንደሚጎዳ፣ ምን እንደሚያስገኝ፣ መንግሥት ገንዘቡን ከሱ ይልቅ ያውቅበት እንደሆነ እያሳየ ሊከራከር ይገደዳል። የወንጀል ቅጣትም ቂም መወጫ መሆኑ ይቀርና ቀጣዩን ተበዳይ ማዳኑ ይመዘናል። የተቆጣጣሪው ወገን ደግሞ የአንጎል ሥዕል እያሳየ ሥልጣን መጠየቁን ትቶ፣ ከእኔ ይልቅ ስለ ኑሮዬ የሚያውቀውን ይንገረኝ። ይህን ማስረዳት እስካልቻለ ድረስ ፈቃዴ ነጻ ሆነም አልሆነ በሬን አይክፈት።