ኩባንያ መለወጥና መንገድ መለወጥ

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ከመሀሉ የገበያ ክፍል በስተ ደቡብ፣ ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ይገኛል። እንደ ሌላው የከተማዋ ክፍል ሁሉ በዚህም ሰፈር ኢትዮጵያውያን በቤት ሠራተኝነት፣ በምግብ ቤት ሥራና በልዩ ልዩ ሙያ ተሠማርተው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ የከተማው ሕዝብ ተበተነ፤ ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎቹ በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ሠራዊቱ ካርቱምን እ.ኤ.አ. በማርች 2025 መልሶ ከያዘ ወዲህ ግን ወደ ቤታቸው የተመለሱት ነዋሪዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። የተመለሰ ሰው በሩንና ጣሪያውን አድሶ፣ ውኃና መብራት የሚያገኝበትን ዘዴ ከፈለገ በኋላ የሚገጥመው ጥያቄ የኢንተርኔት መሥመር ነው። ከየትኛው ኩባንያ ይግዛ? የቀድሞውን ይቀጥል ወይስ ይለውጥ? በመዳቡ የስልክ ሽቦ ይርካ ወይስ እስከ ቤቱ ድረስ የሚዘልቀውን የመስታወት ክር፣ ማለትም ፋይበር የሚባለውን፣ ያስገባ?

ይህ ለአንዳንድ ሰው የቅንጦት ጥያቄ ይመስለዋል። ጣሪያው በጥይት በተበሳሳ ቤት ውስጥ ስለ ኢንተርኔት ፍጥነት መጨነቅ ቅብጠት ነው የሚል አይጠፋም። የጦርነቱ ታሪክ ግን ይህን አባባል አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ የሱዳን ሦስቱ ታላላቅ የስልክ ኩባንያዎች፣ ሱዳኒ፣ ኤም ቲ ኤንና ዜን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትለው ጸጥ አሉ። በዚያን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ከገበያው እየጠፋ ስለ ነበር ሕዝቡ በአመዛኙ የሚገበያየው የካርቱም ባንክ ባዘጋጀው፣ ‹‹ባንካክ›› በተባለው የስልክ መክፈያ ነበር። መሥመሩ ሲቋረጥ መክፈያውም ተቋረጠ። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ገንዘብ ከመንገድ ቀረ። በየሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ለችግረኛ የሚያበስሉባቸው የነጻ ምግብ ማደያዎችም እህልና ዘይት የሚገዙበት አጥተው ብዙዎቹ ድስታቸውን ከእሳት አወረዱ። መሥመሩና እንጀራው የተያያዙ ነገሮች ነበሩ ማለት ነው።

ከእንዲህ ያለ መከራ የወጣ ደንበኛ በመጀመሪያ የሚያስበው የከዳውን ኩባንያ ትቶ ወደ ሌላው መሻገርን ነው። ሐሳቡ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሚዛን የሚያጓድል ባለ ሱቅ ደንበኛው ይሸሸዋል። ዳሩ ግን ሦስቱ ኩባንያዎች አንድ ላይ ለምን ጠፉ? በስም፣ በማስታወቂያና በዋጋ ቢለያዩም የሥራቸው እምብርት የሆኑት ዋና ዋና ማዕከሎች በካርቱም፣ ያውም በተዋጊዎች ቁጥጥር ሥር በነበሩ ቦታዎች ይገኙ ነበር። ለሠራዊቱ የወገኑት ባለ ሥልጣኖች ማዕከሎቹን የዘጋው ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ነው ብለው ከሰሱ፤ እርሱ ደግሞ አስተባበለ። ማንም ይዝጋው ማን፣ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው ሱዳኒ ሥራውን በፖርት ሱዳን በኩል ማካሄድ በጀመረ ጊዜ ነው፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ የደረሰው ለምሥራቁ ክፍል ከተሞች ነበር። ከጥፋቱ አንድ ወር አስቀድሞ ከዜን ወደ ኤም ቲ ኤን የተሻገረ አንድ የካርቱም ሁለት ነዋሪ ቢኖር ኖሮ የለወጠው የደረሰኙን ስም ብቻ በሆነ ነበር። ኩባንያ መለወጥና መንገድ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መንገዱ ረጅም ነው። ከአንድ የካርቱም ሁለት ሳሎን የተነሣ መልእክት ወደ ዓለም የሚወጣው በአብዛኛው በቀይ ባሕር ዳር በምትገኘው በፖርት ሱዳን ነው፤ በመኪና መንገድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያም በባሕር ውስጥ ገመድ ይገባል። ከገመዶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ኢሲ የተባለው ሲሆን ከፖርት ሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት የውጭ መሥመሯን በአንድ በር ብቻ ሳይሆን በጂቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ማውጣቷ ከዚሁ ብልኃት የመጣ ነው፤ አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው ለመውጣት። አገር የሚያደርገውን ጥንቃቄ አንድ ቤተሰብም እንደ ዐቅሙ ሊያደርገው ይገባል። ደንበኛው ለአዲሱ ኩባንያ ሻጭ ሊያቀርብለት የሚገባው ጥያቄ ‹‹በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት ትሰጣላችሁ?›› የሚለው ብቻ አይደለም። ‹‹ከዚህ ቤት የሚወጣው መሥመር በየት በየት ያልፋል? በካርቱም ያለው ማዕከላችሁ ቢዘጋ በምን ይተካል?›› ብሎ መጠየቅ አለበት። ሻጩ መልሱን ባያውቅ እንኳ ዝምታው አንድ ነገር ያስተምራል።

ስለ መዳቡና ስለ መስታወቱ ደግሞ ክርክሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የመዳቡ ሽቦ ድሮ የተዘረጋው ድምፅ እንዲያስተላልፍ ነበር። በኋላ ኢንተርኔት ሲጫንበት ኤ ዲ ኤስ ኤል በተባለው ዘዴ የተሻሻለው ዓይነት እስከ 24 ሜጋቢት በሴኮንድ ሊያወርድ ቻለ፤ ይህ ግን ለስልክ ጣቢያው ቅርብ ለሆነ ቤት ነው። ምልክቱ በሽቦው ላይ እየተጓዘ ስለሚደክም ከጣቢያው አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት የሚደርሰው እንጥፍጣፊ ነው። ውፍረቱ ከሰው ጠጉር እምብዛም በማይበልጥ የመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው ግን ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከክሩ ግድግዳ ወደ ውስጥ እየተንጸባረቀ ያልፋል። ቻርልስ ካኦ የተባለው የሻንጋይ ተወላጅ ሳይንቲስት ከባልደረባው ከጆርጅ ሆክሃም ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መስታወቱ በደንብ ከጠራ ብርሃኑ ሩቅ መጓዝ እንደሚችል አመለከተ፤ በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በቤቶች በሚዘረጋው የተለመደ ዓይነት አንዱ ክር ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ተከፋፍሎ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል። በጣቢያውና በቤቱ መሀል ያለው መከፋፈያ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መሆኑ መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ትልቅ ነገር ነው።

በካርቱም ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ሌብነት ነው። ጦርነቱ ረገብ ሲል የተመለሱ ነዋሪዎች በየመንገዱ የተቀበረው የኤሌክትሪክ ገመድ ተቆፍሮ፣ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ተወስዶ አገኙት። መዳብ በኪሎ ይሸጣል፤ የመስታወት ክር የሚገዛ ቆራሌው የለም። መዳብ መስሎት ቆርጦ የሚጥል ሌባ በየአገሩ ቢያጋጥምም ሁለተኛ ጊዜ ለመቁረጥ የሚያነሣሣው ጥቅም አያገኝም። እንግዲህ የተዘረፈን የስልክ ሽቦ በአዲስ መዳብ መተካት ለሚቀጥለው ሌባ ሸቀጥ ከመቅበር አይለይም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ሐሳብም መስማት ይገባዋል። የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከጣቢያው በዚያው በመዳቡ ሽቦ ስለ ነበር የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይደውላል፤ የፋይበሩ ሳጥን ግን ቤቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሌለ ይሞታል ይላሉ። እውነት ነው። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ሳጥን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ሲሆን የሚፈጀውም ኃይል ትንሽ ነው። ካርቱም ደግሞ ፀሐይ የማታጣ ከተማ ናት፤ አንድ ባትሪና አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ ችግሩን ያቃልሉታል። ሌሎች ደግሞ ‹‹በእጅ ስልክ ኢንተርኔት እያለ የቤት መሥመር ምን ያደርጋል?›› ይላሉ። ለዚህ መልሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰጥቷል። በዚያ ዓመት ጁን 3 ቀን በካርቱም ተቃዋሚዎች የተቀመጡበት አደባባይ በኃይል ሲበተን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ከዓለም ጋር ለጊዜውም ቢሆን መገናኘት የቻሉት ቋሚ መሥመር ያላቸው አንዳንድ ቤቶችና ሆቴሎች ነበሩ። በነገሩ መሀል አንድ ጠበቃ ኩባንያውን ከሶ ፍርድ ቤቱ መሥመሩ እንዲከፈት አዘዘ። ክሱ የቀረበው በራሱ ስም ብቻ ስለ ነበር መጀመሪያ የተከፈተውም ለእርሱ ብቻ ነው። ሚሊዮኖች ከጨለማ ሳይወጡ አንድ ሰው ብቻውን ኢንተርኔት አገኘ!

ይህ ሲባል ፋይበር የገባበት ቤት ሥጋት የለበትም ማለት አይደለም። ማዕከሉ ከተዘጋ መስታወቱም ባዶ ክር ነው። ስለሆነም ዐቅም ያለው ቤተሰብ ፋይበሩን ዋና መንገድ አድርጎ፣ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ የእጅ ስልክ ካርድ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይኖርበታል። ጦርነቱ ሲበረታ ሕዝቡን የደገፈው ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት መሥመር ነበር፤ ሰዎች በአንድ ሳሕን ዙሪያ ተሰብስበው በሰዓት እየከፈሉ ይጠቀሙ ነበር። ዋጋው ለአንድ ቤት ቢከብድም በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ሊይዙት ይችላሉ። ዕቁብና ዕድር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

የመለወጡም ሥራ ራሱ ደንበኛውን የሚያደክም መሆን አልነበረበትም። በእንግሊዝ አገር ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2024 ጀምሮ በተሠራበት ደንብ መሠረት ኩባንያ የሚለውጥ ሰው የሚነጋገረው ከአዲሱ ኩባንያ ጋር ብቻ ነው፤ ከቀድሞው ጋር ያለውን ሒሳብና ስንብት ሁለቱ ኩባንያዎች ይጨርሱታል። እንዲህ ያለ ደንብ ለካርቱም ቢታሰብም ሥር የሚሰደው አንድ ሕንፃ ከአንድ በላይ የሆኑ ኩባንያዎችን ማስተናገድ ሲችል ነው። በአሁኑ ጊዜ ግን መሥመሩን ያስገባው ኩባንያ ግድግዳውን ሰርስሮ የራሱን ገመድ ብቻ ይዘረጋል፤ ሌላው ሲመጣ እንደ ገና መሰርሰር ነው። የካርቱም ሁለት ባለ ቤቶች ግድግዳ እየለሰኑና ወለል እያነጠፉ ባሉበት በዚህ ወቅት፣ ምርጊቱ ሳይደርቅ፣ ከመንገዱ እስከ እያንዳንዱ ፎቅ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ቢቀብሩ ወጪው ከአንድ በር ዋጋ አይበልጥም። ዛሬ ሱዳቴል ክሩን ቢስብበት፣ ነገ ካናር ወይም ሌላው ቢመጣ፣ የቀድሞውን ስቦ አውጥቶ የራሱን ያስገባል፤ ግድግዳውም አይነካም።