ማሽኗን የከሰሰ ዘነዘናውን ያንሳ!

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን የቤት ውስጥ የቡና ማሽንን አምርሮ ከሷታል። ካፌ በእንፋሎት የሚያፏጨውን ማሽን ማለቱ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልካትን፣ ትኩስ ውሃ እያንጠባጠበች በወረቀት የምታጠልለውን ትንሿን ዕቃ ነው። ቡናው ቀጠነ፣ መረረ፣ ወጉም ጠፋ አለን። ጽሑፉ ከዶርም ዶርም ዞረ። ግማሹ «እውነቱን ነው» ሲል፣ ግማሹ «እኛ ቤትስ ግሩም አድርጋ ታፈላለች» ብሎ ተሟገተ። ሁሉንም ሰማሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ለመሆኑ አንዲት ዕቃ እዚህ ቤት ሙሽራ፣ እዚያ ቤት ጠላት የምትሆነው ለምንድን ነው? አክስቴ ቤት የገባችው ከዋሽንግተን ተልካ ነበር። ሰካናት፤ ጨሰች፤ አበቃ። አክስቴም «የፈረንጅ ዕቃ!» ብላ ጓዳ ጣለቻት። ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር። ለ120 ቮልት የተሠራችን ዕቃ 220 ቮልት ላይ ስንሰካት ሙቀቷ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ምን ታድርግ?

መረረ ላላችሁ፦ ለጀበና የሚወቀጠው ቡና የላመ ነው። ጀበና ውስጥ አተላው ስለሚዘቅጥ ግድ የለም። ወረቀት ላይ ግን ውሃውን ያግተዋል፤ የታገተው ውሃ ምሬቱን ሁሉ ይስባል፣ ሲብስም ሞልቶ ይፈሳል። ለእሷ ሻከር አድርጋችሁ ፍጩ። ከፈላ በኋላም ምድጃዋ ላይ አንድ ሰዓት ጥዳችሁ አትርሱት፤ ያራል። ቀጠነ ላላችሁ፦ ለአንድ ሊትር ውሃ 55 ግራም ገደማ ቡና ያስፈልጋል። በሁለት ማንኪያ ቡና አሥር ሲኒ የሚመኝ ሰው ንፉግነቱን እንጂ ማሽኗን አይውቀስ። ውሃችሁ ድንጋይ የሚጋግር ከሆነ ደግሞ ቱቦዋ ይጠባል፤ አልፎ አልፎ በአቼቶ እጠቡላት።

ይህ ቀላሉ ነው። የወንድማችን ትልቁ ክስ ግን ወጉ ጠፋ የሚለው ነው። እስቲ ልጠይቅህ ወንድሜ፤ ያ ወግ ሲደምቅ ቡናውን ማን ቆላው? ማን ወቀጠው? ሲኒውን ማን አጠበው? እኔ ብረት ምጣድ የያዝኩት በሰባት ዓመቴ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ታላቅ ወንድሜ በሩ ተዘግቶለት አጠና፤ እኔ ከአቦል እስከ በረካ ከሰል እያራገብኩ አመሸሁ። መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ገጹ ላይ እስከ ዛሬ የቡና ጠብታ አለበት። ከጓዳው የሚሰማኝ ድምፅ ግን አንድ ነበር፦ «ቡናው አልደረሰም?»

ወረቀቱን ለቡና ማጣሪያ ያዋለችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ? እ.ኤ.አ. በ1908 ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የጀርመን የቤት እመቤት ናት። አተላው ቢያስመርራት ከልጇ ደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ ሞከረችው። መላ የዘየደችው ራሷ የምታፈላው ሴት ናት፤ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ምን ቸገረው!

ጀበናን ጠላች እንዳትሉኝ። በረካ ላይ የታረቁ ጎረቤቶች አይቻለሁ፤ ማሽኗ ጎረቤት አትጠራም። ብቻውን አንድ ጀግ ጨልጦ ሠለጠንኩ የሚለውንም አላጨበጭብለትም። ወግ የሚኖረው ግን ድካሙን የሚካፈል ሲኖር ነው። የአንዲት ልጅ ወገብ ላይ ብቻ የቆመ ወግ፣ ማሽን ባትመጣም አይበረክትም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ለዕረፍት ቤት ስትገባ ብረት ምጣዱ እዚያው ነው። ቁላ፣ ውቀጥ፣ አፍላ። ሦስቱንም ዙር ቅዳ፤ ሲኒውንም እጠብ። እህትህ በሩ ተዘግቶላት ታጥና። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽኗ ጻፍ፤ ያን ጊዜ ከልቤ አነብሃለሁ።